ሁለት ዓሣ ጠባሾችና አንዲት የሌለች ሪፐብሊክ

ያቺን አገር የፈጠርኳት መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ውጭ ጉሙ የጎረቤቴን ጣሪያ ውጦታል፤ እኔ በስልኬ ላይ በሁለት አውራ ጣቴ «ሙቀቱ ገና በጧቱ አናት ይበሳል» ብዬ እጽፋለሁ። እጄ ሲደነዝዝ ብብቴ ሥር ከትቼ አሞቀውና ወደ ሙቀቱ አገር እመለሳለሁ። ሪፐብሊክ ናት። ፕሬዚዳንት አላት፣ ወደብ አላት፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ አላት። ስም ግን የላትም። ላወጣላት ሞክሬ የመጣልኝ ስም ሁሉ የመድኃኒት ስም እየመሰለኝ ተውኩት።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕሩን የወሰድኩት ከጣና ነው፤ ማዶውን ደምስሼ ጨው ጨመርኩበት። ሙቀቱ የበሽሎ ቆላ ሙቀት ነው፤ መምህርነት ስጀምር የተመደብኩት እዚያ ስለነበር ላቡንም ወባውንም አውቀዋለሁ። ኮኮናቱን ያየሁት በስልክ ነው። እንዲህ ተለቃቅማ የተሠራች አገር ብትሆንም እወዳታለሁ። ደመወዝ በማይዘገይበት አገር መኖር ደስ ይላል፤ እዚያ ደመወዝ ከፋዩ እኔ ነኝ።

ስለ ራሳችን ከተማ ለምን አትጽፍም የሚሉኝ አሉ። ጽፌ ነበር። ስለ አንድ ቋጣሪ ባለሱቅ አጭር ታሪክ ጽፌ ለመምህራን አነበብኩ፤ ከዚያ በኋላ ያልኮረፈኝ ባለሱቅ የለም። ሳሙና ልገዛ ገብቼ «ሂድና ከታሪክህ ግዛ» ያለኝ አለ። ስለዚህ አገር ቀየርኩ። ማንም የማያውቀው፣ ማንም «እኔን ነው» የማይልበት ሩቅ ቆላ ሄጄ ሰፈርኩ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ታሪኮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ ሕጋቸውም አንድ ነው። በአንዱ ታሪክ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው በሚቀጥለው ባለታሪክ ይሆናል። በመጀመሪያው የፕሬዚዳንቱ ፀጉር አስተካካይ ጃንጥላውን ረስቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ጃንጥላውን ያገኘችው አዋላጅ ትመጣለች። በሦስተኛው እሷ ያዋለደችው ልጅ ወታደር ሆኖ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። እንዲህ እየተቀባበሉ አገሪቱ ሞላች።

አንባቢ የለኝም። አድማጮች ግን አሉኝ፤ እናቴና አክስቴ። እናቴ እኔ ዘንድ፣ መካነ ኢየሱስ ናት። ታላቅ እህቷ አክስቴ የምትኖረው በስማዳ፣ ወገዳ ነው። ሁለቱ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ ሌላ እህትም ወንድምም የላቸው። እና አይነጋገሩም።

ነገሩ የተበላሸው በአያቴ ተዝካር ቀን ነው። አርባቸው የተደገሰው አክስቴ ግቢ፣ ወገዳ ነበር፤ ጊዜው ክረምት። እናቴ የተሳፈረችበት መኪና ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ሰው ወርዶ ቢገፋው፣ ቢያለቅስበትም አልወጣ አለ። እሷ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ስትደርስ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ማዕዱን ባርከው፣ በልተውና መርቀው ሄደዋል። ዳሱን የሚያፈርሱ ሰዎች ጣሪያው ላይ ወጥተዋል። ለራሷ አባት ተዝካር እንደ መንገደኛ የተረፈ ቀረበላት። አልቀመሰችም። በመጣችበት እግሯ ዞራ ወጣች፤ አክስቴም አልተከተለቻትም። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

እኔ በመካከል አለሁ። የእናቴ የመሬት ድርሻ ወገዳ አጠገብ ስለሆነ ትምህርት ሲዘጋና በዓል ረዘም ሲል እሄዳለሁ፤ የማድረው አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ ፊት «አክስቴ» ካልኩ ዶሮዎቹን ልታይ ትወጣለች። አክስቴ ፊት «እናቴ» ካልኩ ጆሮዋ ድንገት ይደነቁራል። ከወገዳ ስመለስ እናቴ የምትጠይቀኝ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብቻ ነው። ስለዚያ መንገድ እንደ እሷ የሚጨነቅ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ እንኳ አልገጠመኝም።

ስለዚህ ለሁለቱም ሪፐብሊኳን አነባለሁ። እናቴ ባቄላ እየፈለፈለች ትሰማለች፤ አክስቴ ለገበያ የምታወጣውን ጌሾ እየቀነጠሰች። እናቴ ጣልቃ ትገባለች። ወታደሩ ረቡዕ ረቡዕ ዓሣ ይበላል ብዬ ስጀምር «ረቡዕ?» ብላ ባቄላውን አስቀመጠች። ጾም የማያውቅ አገር ነው ብላት «አገሩ ባያውቅ ጸሐፊው ታውቅ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሐሙስ አደረግሁት።

ዓሣ ጠባሾቹም የገቡት በወታደሩ ምክንያት ነው። ዓሣውን የሚገዛበት ቦታ ያስፈልገኝ ስለነበር በወደቡ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶችን ምድጃ አስዘርግቼ አስቀመጥኩ። እህትማማቾች ናቸው። በግራ በኩል ያለችው ታላቋ ናት። በቦታ ተጣልተው አይነጋገሩም። አለቀ፤ አንዲት አንቀጽ ናቸው። ሆን ብዬ አልነበረም ብዬ ብምል የሚያምነኝ የለም፤ እኔም ራሴን እጠረጥረዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ወታደሩ ፍቅር ያመጣሁትን ረጅም ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና «ደህና ልጅ ነው፤ ይቆይ» አለች። «ያች ታላቂቱስ? ገበያዋ እንዴት ነው?»

«የትኛዋ?»

«ዓሣ የምትጠብሰው ነዋ! አንተ አይደለህ እንዴ ያስቀመጥካት?»

ደህና ናት አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ወዲያው ወገዳ ሄድኩና ያንኑ ታሪክ ለአክስቴ አነበብኩላት። ጌሾዋን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል፣ «የታናሺቱ ጉልበትስ?» አለች።

ታናሺቱ ዓሣ ጠባሽ ጉልበቷን አያማትም። ጉልበት አልጻፍኩላትም። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ናት፤ ያን ቀን በጭቃ ከሄደች ወዲህ። አክስቴን አየኋት፤ እሷ ጌሾውን ታያለች።

«ትንሽ ይሻላታል» አልኩ። «ቁልቁለት ላይ ነው የሚብስባት።»

«ቁልቁለት አትውረዳ!» አለች ተቆጥታ። «ምን ሥራ አላት ቁልቁለት? ውኃ የሚያመጣላት ሰው የለም እንዴ እዚያ አገር?»

ለእናቴ ውኃ የማመጣው እኔ ነበርኩና አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ሪፐብሊኳ ሌላ ሥራ ጀመረች። እናቴ ታላቂቱ ሳሏ ለቀቃት ወይ ትላለች፤ አክስቴ ታናሺቱ ትጾማለች ወይስ ሐኪሙ ከልክሏታል ትላለች። እኔ የሁለቱንም ወሬ በዓሣ ጭስ እየጠቀለልኩ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን እናቴ አንድ እስር የደረቀ ጦስኝ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመረች። ምንድን ነው ብላት «ለዚያ ለወታደሩ። በር ላይ ሲቆም ብርድ ቢመታው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሙቀት! ወገዳ ወስጄ ለአክስቴ ሰጠኋት፤ ወታደሩ ልኮልሻል አልኳት። አሸተተችው። «የጉና ጦስኝ ነው» አለች። «ያ ወታደር ጉና ድረስ ይወጣል?» ከዚያ አፈላችና፣ ሁለት ስኒ ጠጣች፣ የተረፈውን በጨርቅ ቋጥራ ትራስጌዋ አኖረች። እናቴም ስለ ወታደሩ ጤና ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

እዚህ ላይ እንደ ጸሐፊ ቅሬታዬን ላሰማ። በአገሪቱ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አካሄድኩ። ብዙ የደከምኩበት ነው፤ ታንኮቹ በወደቡ መንገድ ሲያልፉ፣ ፕሬዚዳንቱ በፀጉር አስተካካዩ ልብስ ሲሸሽ፣ ወታደሩ በማን ላይ እንደሚተኩስ ሲጨነቅ። አንብቤ ስጨርስ ጭብጨባ ጠበቅሁ። እናቴ «ታንኩ ምድጃቸውን አልደፋባቸውም?» አለች። አልደፋም ስላት ተመስገን ብላ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች። መንግሥት ቢወድቅ ግድ የላትም።

ከተዝካሩ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወገዳ ስደርስ አክስቴን አየሁና ደነገጥኩ። ቀሚሷ ሰፍቷታል። ከመደቡ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ሐኪም አይቷታል፤ የሰጣትን መድኃኒት ትውጣለች፤ «እርጅና ነው፤ ሌላ አይደለም» ትላለች። ጌሾውን እኔ ቀነጠስኩላት። ስመለስ እናቴ እንደ ልማዷ «መንገዱ እንዴት ነው?» አለች፤ ጥቂት ቆይታም፣ «ታላቂቱ ትበላለች?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር። «ቀንሳለች» አልኩ። «ከስታለች።»

እናቴ የያዘችውን ባቄላ አልፈለፈለችውም። እንዲህ አለችኝ፤ «እነዚያ ሴቶች ሳይታረቁ አንዷ ብትሞት፣ የቀረችው ሬሳው ላይ ምን ብላ ታለቅሳለች? ደጇ የማልደርስ ነበርኩ ብላ? ልቅሶውስ ላይ በየትኛው ዓይኗ ትቆማለች?» ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። «ጃንጥላ ለረሳ ሰውዬ ሳይቀር ታሪክ ሰጥተሃል» አለች። «የእነሱ ተራ መቼ ነው?»

ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ነበር። አንድ ጧት ታናሿ ዓይኗን ከምድጃዋ ታነሳለች፤ ታላቋም ታነሳለች፤ ሁለቱም መንገዱን ይሻገሩና መሀል ላይ ይተቃቀፋሉ፤ ዓሣው ያርራል። «ዓሣው ያርራል» በምትለዋ ኮርቼ ነበር። የእናቴን ፊት እያየሁ አነበብኩላት።

«በቃ?» አለች።

«በቃ።»

«ሽማግሌስ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«አገሩ ሽማግሌ የለውም? ፕሬዚዳንት አለው፣ ታንክ አለው፣ ሽማግሌ የለውም? እንደ ጎረምሳ መንገድ ላይ ተቃቅፈው ታረቁ? ነገ ቢጣሉ ማንን ሊጠሩ ነው?»

ወደ ወገዳ ስሄድ ያው ገጠመኝ። አክስቴ «ድንጋዩስ?» አለች። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በተበደለው ደጅ ይቆማል፤ ያ ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ እስኪያወርድለት ድረስ አያወርድም። ያለዚያ እርቅ አይባልም፤ ጨዋታ ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሩቅ አገር ስለሆነ ይቀራል ብዬ ነው። እዚያው አክስቴ ደጅ ላይ ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩት። ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ። ድንጋዩ ግን አስቸገረኝ። ወደቡ አሸዋ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ታሪክ ጀምሮ አሸዋ ነው ብያለሁ። ብዙ አሰብኩና ታናሿን ኮኮናት አሸከምኳት።

አክስቴ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። «ይኸ የሚበላ ነገር አይደለም እንዴ? ስንቋን ተሸክማ ነው ይቅርታ የምትጠይቅ?» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ማን ናት ያልከው የተሸከመችው?»

«ታናሿ።»

«ለምን?»

«ታናሽ ስለሆነች።»

«ታናሽነት በደል ነው?» ጌሾዋን ከጭኗ አራገፈች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ እኔን ሳታይ ነው የተናገረችው። «ታላቂቱ ትሸከም። ካህናቱ ትንሽ ቢቆዩ ምን ይሆኑ ነበር? አይሞቱም። ሲቸኩሉባት ተርበተበተች እንጂ መጠበቅ ነበረባት። ታናሺቱም የአባቷ ልጅ ናት። መጠበቅ ነበረባት።»

በታሪኬ ውስጥ ካህን የለም። ተዝካርም የለም።

«ጻፈው» አለችኝ። «እንደነገርኩህ አድርገህ ጻፈው። አሳምረዋለሁ ብለህ እንዳታበላሸው።»

አልጻፍኩትም፤ መንገድ ላይ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ስቀያየር ስልኬም ባትሪው አልቆ ነበር። መካነ ኢየሱስ ስደርስ እናቴ «መንገዱ...» ብላ ሳትጨርስ ቁጭ በይ አልኳት። የጠፋውን ስልክ ከፊቴ ይዤ፣ ጥቁሩን መስታወት እያየሁ፣ አክስቴ ያለችውን ቃል በቃል አነበብኩላት። እናቴ ስልኩን አየችው። መጥፋቱ አልተሰወራትም፤ ግን አላቋረጠችኝም።

«መጠበቅ ነበረባት አለች?»

«አለች።»

«በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከነጠላው ሥር የወጣው የመጀመሪያ ቃሏ ቁጣ ነበር። «ታላቄ ድንጋይ ልትሸከም? እኔ በቁሜ?» ብላ ተነሳች። «ነገ መኪና አለ?»

በማግስቱ የእናቴን ነፍስ አባት ይዘን ተሳፈርን። አባ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እርቅ ከተባሉ የመኪና ጭንቅንቅ አይበግራቸውም። ወገዳ ስንደርስ የአክስቴን ጎረቤት ጨርቅ ነጋዴውን ሐጂን ጠራናቸው፤ በዚያ ሰፈር ያለ እሳቸው እርቅ አይወርድም። ከግቢው በላይ፣ መንገዱ ዳር እናቴ ቆመችና ድንጋይ አምጣ አለችኝ። ጉልበቷን አስቤ ቀለል ያለች መረጥኩ። «ይችማ ጠጠር ናት» ብላ ወረወረቻትና ራሷ ጎንበስ ብላ ደህና ድንጋይ አነሳች። አንገቷ ላይ አድርጋ፣ በእኔና በአባ ተደግፋ ቁልቁለቱን ወረደች። አክስቴ በሩ ላይ፣ መቃኑን ይዛ ቆማለች። መምጣታችንን ማን ቀድሞ እንደነገራት እስካሁን አላወቅኩም።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ተበዳይ ትናገር» አሉ።

አክስቴ «እኔ አይደለሁም» አለች። «በዳይዋ እኔ ነኝ። ድንጋዩን ለእኔ ስጡኝ።»

«ዞር ብዬ የሄድኩት እኔ ነኝ» አለች እናቴ ከድንጋዩ ሥር። «ታላቄን ረግጬ የሄድኩ እኔ ነኝ።»

«ያልጠበቅሁሽ እኔ!»

«ዓመት ሙሉ ደጅሽን ያልረገጥኩ እኔ!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ታላቅሽ ነኝ!»

አባ መስቀላቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲያዩ ቆዩና ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ እባካችሁ፣ ከሁለት አንዳችሁ ተበደሉ!» አሉ። «በማን አፍ ይቅር ላስብል?» ሐጂ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አክስቴ ግን መጠበቅ አልቻለችም። መቃኑን ለቀቀችና ብቻዋን፣ የሚደግፋት ሳይኖር፣ ወደ እናቴ ሄደች። ድንጋዩን ልታወርድ ስትይዘው አቅሟ አልቻለውም። እናቴ ከታች ደገፈችው። ሁለቱ አራት እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው፣ ግንባር ለግንባር ሆነው፣ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፤ ማን ቀድሞ እንዳለ አባም አልለዩትም። ከዚያ አባ ባረኩ፣ ሐጂም ዱዓ አደረጉ፤ ገባን።

እኔ የታሪክ ሰው ነኝና አላስቻለኝም። ከምሳ በኋላ «ለመሆኑ ያን ቀን ካህናቱን ማን ነው ያስቸኮላቸው?» ብዬ ጀመርኩ። አባ በዓይናቸው ገረመሙኝ። ይቅር የተባለ ነገር አይቆፈርም። እናቴም አክስቴም እንደ አንድ ሰው «ዝም በል!» አሉኝ፤ የእኔን ዝምታ ሲጠይቁ ብቻ አልነበረም አንድ የሆኑት፤ ከዚያ ወዲያ በሁሉም ነገር በእኔ ላይ አንድ ሆኑ። የዓሣ ጠባሾቹን የመጨረሻ ታሪክ በትክክል ጽፌ በሦስተኛው ቀን ላነብላቸው ስልኬን ባወጣ፣ አንዷ ስለ አንዲት የሞተች ጎረቤት ትናገራለች፣ ሌላዋ እሷ አይደለችም እህቷ ናት የሞተችው ትላለች። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የሰማኝ የለም።

ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ተነሳሁ። እናቴ ቦርሳዋን አላነሳችም። «አንተ ሂድ» አለች። «እሷ እስክትጠነክር ልቆይ። እኔ ከሌለሁ አትበላም።» አክስቴ ከኋላዋ ሆና በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ የማትበላው እናትህ ናት ማለቷ ነው።

መካነ ኢየሱስ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቀኝ። ድንች ቀቅዬ በላሁ፣ ዶሮዎቹን አስገባሁ፣ ስለ አዋላጇ አዲስ ታሪክ ጀምሬ ለማን ነው የማነበው ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ ደወልኩ። በአክስቴ ስልክ ላይ ጫጫታ ነበር፤ በርበሬ እየቀመሙ ነው። አንዷ ነጭ ሽንኩርቱ በዛ ትላለች፣ ሌላዋ የእማዬ በርበሬ እንዲህ ነበር፣ አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺም ትላለች። ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ጮህኩ። «ደህና ነን፣ ደህና ነን! ቆይማ፣ ይችን ሴትዮ ልንገራትና» የሚል መልስ መጣና ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ። እንደያዝኩት ቁጭ አልኩና፣ ብቻዬን እየሳቅሁ፣ በደንብ አለቀስኩ። የዘጋችብኝ የትኛዋ እንደሆነች እንኳ አልለየሁም፤ ድምፃቸው አንድ ነው።